ልቤ ያልነገረኝ

ሰው ልቡ ሲታመም ሳያውቀው አይቀርም የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እስከ አምና ክረምት ድረስ ከናንተው ጋር ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ከማለዳ እስከ ምሽት የዘለቀ አንድ ቀን ነው። የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ሐያት እባላለሁ። የተወለድኩት መተማ ወረዳ፣ ሸኸዲ ነው። ለኢድሪስ ተድሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ግን ብዙ ክረምት አልፏል። ገበያው ውስጥ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ኢድሪስ በአሮጌ ፒክአፕ የነጋዴ ዕቃ ያመላልሳል። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ ነበር። ማር በሎሚ አጠጥተው ያስተኙኛል፣ ይሻለኛል፣ ይረሳል። ያ የጉሮሮ ሕመም ሳይታወቅ ልቤ ድረስ ዘልቆ ከልቤ በሮች አንዱን እንዳበላሸው የተነገረኝ፣ ጣቃ ተሸክሜ ደረጃ መውጣት ካቃተኝ በኋላ ነው። በመተማ በኩል ያለው መንገድ ክፍት በነበረበት ወቅት አዲስ አበባ ሄጄ ደረቴ ተከፍቶ ተጠገነልኝ። ለጥቂት ወራት ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወሰድኩ። ከዚያ «በቅቶሻል» ተብዬ ተውኩት።

ከሆስፒታሉ ስወጣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ሐኪም አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። «ልብ ከተቀደደ በኋላ አንዳንዴ አመታቱ ይዛባል። ባለቤቱ ሳይሰማው ሊዛባም ይችላል። ተጠንቀቂ» አለኝ። የማይሰማኝን ነገር እንዴት ብዬ እንደምጠነቀቅ አልገባኝም። ጅዳ የሚሠራው ወንድሜ ግን ይህን ሲሰማ የልብ ምት የሚከታተል ሰዓት ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ከስልኬ ጋር አገናኙልኝና ማሰር ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም ነበር። ሁለት ጊዜ «የልብ ምትሽ ተዛብቷል» ብሎ አስደንግጦኛል። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ዶክተር ሙዓዝ ሮጥኩ። ዶክተር ሙዓዝ ከጦርነቱ ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ የልብ ሐኪም ነው። አሁን ገዳሪፍ ውስጥ ይሠራል። ሁለቱንም ጊዜ በኢሲጂ መሣሪያ የልቤን ምት አንስቶ ደኅና መሆኑን ነገረኝ። በመጨረሻው ማሰሪያውን በጣቱ ሳብ አድርጎ «ላልቷል፣ ጠበቅ አድርጊው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢድሪስ ለሰዓቱ ስም አወጣለት፤ «ውሸታሙ» ይለዋል።

ታናሽ እህቴ ራሕማ የምትኖረው እዚያው ሱዳን፣ ከባሱንዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ውስጥ ነው። ከተዳረች ጀምሮ ልጅ አጥታ ስትለምን ኖራ በዚያ ክረምት ሴት ልጅ ወለደች። ስም የሚወጣበትና በግ የሚታረድበት ቀን ሲደርስ ለመቅረት አላሰብኩም። እናታችን ስለሌለች በናት ቦታ የምቆመው እኔ ነኝ። ዋዜማው ላይ መንገዱ ደርቆ ስለነበር እኔና ኢድሪስ በፒክአፓችን ያለ ችግር ገባን። ሌሊቱን ግን ዝናብ ሲያወርድ አደረ።

ጠዋት ከሴቶቹ ጋር በሣር በተከደነው ዳስ ሥር ሽንኩርት እየከተፍን እናወራለን። ሥጋው ተጥዷል። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ተርቤያለሁ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ይበልጥ የምስቀው እኔ ነኝ። በዚህ መሐል ሰዓቱ እጄ ላይ ነዘረ። እጄን በቀሚሴ ጠራርጌ አየሁት። የልብ ምትሽ ያልተስተካከለ ይመስላል፣ ሐኪም አማክሪ ይላል፣ በዐረብኛ።

ማሰሪያውን አጠበቅኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ ምቴን ስመለከት ቁጥሩ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ይዘልላል። ኢድሪስ ከወንዶቹ ጋር የበጉን ቀሪ ሥጋ እየገነጠለ ነበር። ጠራሁትና አሳየሁት።

«ውሸታሙ ዛሬም ጀመረው?» አለ እየሳቀ።

«እንጃ።»

«ያምሻል? ደረትሽን ይወጋሻል?»

«ምንም አይሰማኝም።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ? ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሰሽ።»

እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር። የሐኪሙ ቃል ግን መጣብኝ፤ «ባለቤቱ ሳይሰማው» ያለኝ። ራሕማ ወደተኛችበት ጎጆ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣት ትንሽ ሲይዙት ሰዓቱ የልብን አመታት በመስመር ይሥላል። ያዝኩት። «ተዛብቷል» አለ። ደገምኩት። ያንኑ አለ።

ራሕማ ልጇን እያጠባች ታየኛለች። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና እጇን ዘረጋች። «ለኔ እሰሪልኝ። የተበላሸው ሰዓቱ ከሆነ በኔም ላይ ይዋሻል።»

አሰርኩላት። ጣቷን ይዛ ጠበቀች። በርሷ እጅ ላይ የወጣው መስመር በትራክተር እንደተዘራ ማሽላ ርቀቱ እኩል፣ ቁመቱ እኩል ነበር። መልሼ እኔ ሳስረው መስመሩ ፍየል የገባበት ማሳ መሰለ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ መሐሉ ባዶ።  ራሕማ ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና «ኢድሪስን ጥሪው» አለችኝ።

ኢድሪስ ሁለቱን መስመሮች ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ውሸታሙ» የሚለውን ስም ከዚያች ደቂቃ በኋላ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ ዳር ባለ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ቀስ ብለን ወጣንና ለዶክተር ሙዓዝ ደወልንለት። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በሦስተኛው ድምፁ መጣ።

«ያ ኡኽቲ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?» አለኝ በዐረብኛ። ያ ኡኽቲ ማለት እህቴ ሆይ ነው።

«አላውቅም፣ ዶክተር። ምንም አልተሰማኝም።»

«አንቺ አታውቂውም። ስልክሽን ክፈችና የዛሬውን የልብ ምት መዝገብሽን እዪ። ከየት ጀምሮ ነው መዝለል የጀመረው?»

አየሁት። ሌሊቱን በሙሉ እንደ ጸጥተኛ ውሃ ይሄዳል። ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት ትንሽ ቆይቶ ድንገት ይበጣጠሳል። ይህንኑ ነገርኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ገና ነው» አለ። ከዚያ ድምፁ ኮስተር አለ። «ስሚኝ። የልብሽ የላይኞቹ ክፍሎች መምታት ትተው እየተንቀጠቀጡ ነው። ደሙ በደንብ ስለማይገፋ እንደ ኩሬ ይቆማል። የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ከተነሣ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ ይችላል። ቶሎ ከደረስሽልኝ በኤሌክትሪክ አስተካክለዋለሁ። ቀኑ ካለፈ ግን ያንን ማድረግ ራሱ የረጋውን ደም ሊያስነሣው ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ገዳሪፍ ግቢ። አደንዝዤ ስለማስተኛሽ ምግብ አትብዪ። አትሩጪ፣ ምንም አታንሺ። ኢድሪስን ስጪኝ።»

ለኢድሪስ የነገረውን የሰማሁት በኋላ ነው። «በመንገድ ላይ ደጋግመህ ፈገግ አስብላት። ሁለት እጇን ወደ ላይ ታንሣ። ስሟን ትንገርህ። አፏ ከተጣመመ ወይም አንድ እጇ ከወደቀ ደም ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል ማለት ነው» ብሎት ነበር።

ስንወርድ የራሕማ አማት ሐጃ ዘሀራ ጎጆው ደጅ ላይ ጠበቁን። «ልጄ፣ ስም ሳይወጣ? ሥጋው ደርሷል። ትንሽ ቀምሰሽ ብትሄጂ ምናለ። ፊትሽ እንደሆነ የሙሽራ ፊት ነው።»

 እውነታቸውን ነው፣ ምንም የታመመ አልመስልም። እኔ ራሴ እግሬ ከብዶኝ ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቅነውን ድግስ በአንድ የእጅ ሰዓት ወሬ ጥዬ ልሄድ ነው። ራሕማ ከጎጆው በር ላይ ቆማ ተናገረች።

«እማ፣ ስሟን አሁን እናውጣው። ሥጋው ይቆያል። ለልጄ አክስት ያስፈልጋታል።»

አማቷ ተመለከቷት፤ ባሏ ሙሳም ተመለከታት። ከዚያ ሙሳ ሕፃኗን ታቅፎ በጆሮዋ አዛን አለላት። አሚና ተባለች። ግንባሯን ሳምኩና ወጣሁ።

በክረምት የዚያን አገር ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጎማ ሲይዝ እንደ ሊጥ ይዞ አይለቅም። ብዙ ሳንሄድ ፒክአፓችን እስከ ሆዱ ገባ። ኢድሪስ ወርዶ በአካፋ ሲታገል እኔ ውስጥ ተቀምጬ እያየሁት ነው። መግፋት አልችልም፣ መራመድም ተከልክያለሁ። ጤነኛ ሆኜ እየተሰማኝ ባሌ በጭቃ ሲለፋ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም።

የሰሊጥ አረም የሚያርሙ የቀን ሠራተኞች በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነው በዚያ መጡ። ከአርማጭሆና ከቋራ የመጡ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ኢድሪስ የሆንነውን ሲነግራቸው ሳይጠየቁ ወረዱ። መኪናው ግን አልነቃነቅም አለ።

«መኪናው ይቆየን» አለ ከመካከላቸው ጠና ያለው፣ ጌታነህ የሚሉት። «እህታችንን ከኛ ጋር እንውሰዳት። እስከ አስፋልቱ ሌላ የሚያልፍ የለም።»

ትራክተሩን የሚነዳው ባቢከር የሚባል ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበር። አየኝና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ትውጣ» አለ። ነጠላቸውን አነጣጥፈውልኝ ተሳቢው ላይ ተቀመጥኩ።

ከአስፋልቱ በፊት ኾር የሚሉት የክረምት ወንዝ አለ። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ቀን ግን ከሐበሻ ተራራ የወረደ ቀይ ውሃ ዛፍ እየገነጠለ ይወርዳል። ባቢከር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ውሃው ሲጎድል ለማየት ዳሩ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ዱላውን ተከለና ተቀመጠ።

«ዓሚ፣ አናልፍም?» አለው ኢድሪስ። ዓሚ ማለት አጎቴ ነው።

«ውሃው ቢጎድልልን እናልፋለን። አሁን ከገባን ሁላችንም እንቀራለን።»

«ሚስቴ ትሞታለች።»

«ልጄ፣ ሚስትህን ገድዬ ላድናት አልችልም።»

ኢድሪስ ዳር ላይ ሄዶ ቆመ። እኔ ተሳቢው ላይ ሆኜ ሰዓቱን አያለሁ። ቁጥሩ ሲዘልል ይበልጥ እፈራለሁ፣ ስፈራ ቁጥሩ ይበልጥ ይዘልላል። በመጨረሻ ፈትቼ ለኢድሪስ ሰጠሁት። «አንተ ያዘው፤ እኔ ማየት አልችልም» አልኩት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተውና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሐያት፣ ፈገግ በዪ።»

«በምን ልሣቅ?»

«ፈገግ በዪ ብዬሻለሁ።»

ፈገግ አልኩ። እንዴት እንዳየኝ እስካሁን አልረሳውም። አፌን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በዓይኑ ለካ። «እጆችሽን አንሺ» አለ። አነሣሁ። «ስምሽ ማነው?» አለ። «አንተ ያስለወጥከኝ ይመስል ትጠይቀኛለህ» አልኩት። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሠራተኞቹ እንዳያዩን ብለው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ደጋግሞ እንዲህ ሲጠይቀኝ ቆየን። አንዴ እጆቼን አንሺ ሲለኝ ግራው እንደ እንጨት ደንዝዞ ነበር። ጣቶቼን አልሰማቸውም። መናገር ፈለግኩ፣ ምላሴ ደረቀ። አለቀ፣ ወደ ጭንቅላቴ ሄደ አልኩ በልቤ። ኢድሪስ እጄን ይዞ ማሸት ጀመረ፤ እያሸ «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ይላል። ቀስ በቀስ እንደ ጉንዳን ወረረኝና ሙቀቱ ተመለሰ። ለካ ፍርሃት የተሳቢውን ብረት አስጨብጦኝ፣ ክንዴን ተደግፌው ኖሮ ነው የደነዘዘው። ሁለታችንም አለቀስን። ጌታነህ በቅል ውሃ አመጣልኝ። አፌን ብቻ አጠብኩበት።

ውሃው ሸሽቶ ዱላው ጭቃ ላይ ሲቀር ባቢከር ተነሣ። ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ሠራተኞቹ በግራ በቀኝ ከብበው ያዙኝ። መሐል ላይ ስንደርስ ውሃው ተሳቢውን በጎን መታው፤ ወደ ታች ገፋን። ሞተሩ አሳለ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጌታነህ «እግዚኦ» ይላል፣ እኔ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን እቀራለሁ፣ የማንም ድምፅ ከማንም አይለይም። ባቢከር ዞር ብሎ አላየንም። ጎማዎቹ ጠንካራ መሬት ነክተው ሽቅብ ሲወጡ ያየሁት ነገር ጀርባው ብቻ ነው፤ ጀለቢያው በላብ ተጣብቆበት ነበር።

አስፋልቱ ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና ቆመልንና ወደ ገዳሪፍ ተጫንን። ኢድሪስ ሰዓቱን መልሶ አሰረልኝ። ከከተማው በፊት ኬላ አለ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ወታደሮቹ ሁሉን ይጠረጥራሉ። አንዱ ወጣት ወታደር እጄን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የሚያገናኝሽ?» አለኝ።

«ከልቤ ጋር» አልኩት።

እያሾፍኩበት መሰለው። ውረዱ አለ። ኢድሪስ ሊያስረዳው ሲጀምር ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ፤ የወታደሩም ከፍ አለ። ያን ጊዜ ቶቤን ከአንገቴ ሥር ትንሽ ዝቅ አድርጌ የጠባሳዬን ጫፍ አሳየሁት። የገበያ ሴቶች እንዳያዩብኝ ስሸፍነው የኖርኩት ጠባሳ ነው። ወታደሩ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «እናቴም ልቧን ታማለች» አለ ቀስ ብሎ፣ እና በእጁ እለፉ አለን።

ሆስፒታሉ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ዶክተር ሙዓዝ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከተማው መብራት የለውም። ጄኔሬተሩ ይሠራል፣ ነገር ግን ነዳጁ ትንሽ ስለሆነ ሌሎቹን ክፍሎች አጥፍተው የኛን ብቻ አበሩት። ዶክተሩ ስልኬን ተቀብሎ መዝገቡን ራሱ አየ፤ በጣቱ እየገፋ ወደ ማለዳው ተመለሰ። ከዚያ በአልትራሳውንድ ልቤን ማየት ጀመረ። የረጋ ደም መኖር አለመኖሩን ነው የሚፈትሸው። ወደ አንድ ጎን አዘነበለኝ፣ እንደገና አየ። ኢድሪስ ግድግዳው ጋ ቆሞ እኔን ሳይሆን የዶክተሩን ፊት ነው የሚያየው።

«የሚታይ ነገር የለም» አለ ዶክተሩ በመጨረሻ። «ጊዜውም አላለፈም። ደም የሚያቀጥን መርፌ ሰጥቼ አስተኝቼሽ አስተካክለዋለሁ።»

«ካልተስተካከለስ?» አልኩት።

«እደግመዋለሁ።»

«ከደገምከውስ በኋላ?»

«ያ ኡኽቲ፣ በዚያ ጭቃ አልፈሽ መጥተሻል። የቀረውን ለኔ ተዪልኝ።»

መድኃኒቱ በደም ሥሬ ሲገባ የኢድሪስን ስም ልጠራ ጀምሬ አልጨረስኩትም። ስነቃ ደረቴ ላይ እንደ ቃጠሎ ያለ ነገር ይለበልበኛል። ኢድሪስ ከግንባሩ እስከ ጫማው የደረቀ ጭቃ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልጋው አጠገብ ያለው ማሽን ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይላል፤ እኩል፣ ሳይቸኩል። እሱን እየሰማሁ ዝም ብዬ ተኛሁ።

ዶክተሩ ሊጎበኘኝ ሲመጣ «ሕመምተኞቼ ብዙዎቹ መቼ እንደጀመራቸው አያውቁም» አለኝ። «መቼ እንደጀመረ ካላወቅኩ ደግሞ ወዲያው ለመንካት እፈራለሁ። ደም ማቅጠኛ ሰጥቼ ለሳምንታት አስጠብቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ እየጠበቁ ይቀራሉ። አንቺን የረዳሽ ማለዳው መታወቁ ነው።» አሁን ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ሳላቋርጥ እወስዳለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ሰዓት ግዙ ልላችሁ አይደለም። ሰዓቱ ሐኪም አይደለም፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ አስሩጦኛል። ሙዓዝ ባይኖር፣ ባቢከርና እነዚያ የአረም ሠራተኞች ባይኖሩ፣ እጄ ላይ ታስሮ አብሮኝ ይቀበር ነበር። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «አያምም» ማለትና «ደኅና ነኝ» ማለት አንድ ይመስሉኝ ነበር። ያን ማለዳ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ልቤም ያኔ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ስለዚህ ልባችሁ የተሠራላችሁ ካላችሁ፣ ስለተሻላችሁ ብቻ ክትትሉን አትተዉ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ፣ ጉሮሮውን ደጋግሞ የሚያመውን ልጅ በማርና በሎሚ ብቻ አትሸኙት፤ ሐኪም ይየው።

ጠባሳዬንም መደበቅ ትቻለሁ። የገበያ ሴቶች ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዷ ደረቷን ይዛ ትመጣና «እስቲ ለኔም እሰሪልኝ» ትለኛለች። አስርላታለሁ፤ ከዚያ «ምንም ቢል ምንም፣ ሙዓዝ ጋ ሂጂ» እላታለሁ። ሁለቱ ሄደው መድኃኒት ጀምረዋል።

ኢድሪስም ሌላ ሰው ሆኗል። ማለዳ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የእጄን አንጓ በሁለት ጣቱ መያዝ ነው። የተኛሁ እየመሰለው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። እኔም እንደተኛ ሰው ዝም እለዋለሁ።

ዶክተሩ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል ብሎኝ ነበር፤ ተመልሷልም። በበጋው አንድ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ቶብ እየዘረጋሁ ሰዓቱ ነዘረ። እንደ ድሮው ምንም አልተሰማኝም። ጨርቁን አጣጥፌ አስቀመጥኩ፣ ሱቄን ቆለፍኩ፣ ለኢድሪስ ደወልኩለት። ከዚያ ሳልቸኩል፣ በጥላው በኩል፣ ወደ ሆስፒታሉ በእግሬ ሄድኩ።